አባቴ «በቃኝ» ያለው ሁለት ጊዜ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

በማይድን ሕመም የተያዘ ሰው በሐኪም እገዛ ሕይወቱን እንዲያበቃ ይፈቀድለት ወይስ አይፈቀድለት በሚለው ክርክር ላይ ያወጣችኋቸውን ጽሑፎች አንድም ሳላስቀር አንብቤአለሁ። አንደኛው ጸሐፊ «መብት ነው፣ አለቀ» ይላሉ። ሌላኛው «ግድያ ነው፣ አለቀ» ይላሉ። ለእኔ ግን አላለቀም። አባቴን ካስታመምኩ ወዲህ ጭራሽ ተወሳስቦብኛል። የምጽፈውም ለዚያ ነው። ትንሽ ስለሚረዝም ታገሡኝ፣ ከበዛባችሁም ቆርጣችሁ አውጡት።

አባቴ ከፕሮስቴት ተነስቶ አከርካሪው ውስጥ የገባ ካንሰር ነበረበት። ካንሰር አጥንት ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ አይታችሁ ከሆነ ማብራራት አያስፈልገኝም፣ ካላያችሁም አይግጠማችሁ። አንሶላው ሲነካው ይጮኻል። ዕድሜውን ሙሉ ሒሳብ ያስተማረ፣ ቤት ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው። አንድ ማክሰኞ ሌሊት እኔንና ታላቅ ወንድሜን አስጠራንና «በቃኝ ልጆቼ፣ አንድ ነገር ስጡኝና ልረፍ» አለን። አልቃዠም። ረጋ ብሎ ነው የተናገረው። ወንድሜ ክፍሉን ጥሎ ወጣ። እኔ እግሩ ሥር ቁጭ ብዬ አነጋሁ።

ዓርብ ጠዋት መነጽሩን ጠየቀ። ጋዜጣ ሊያነብ።

በማክሰኞና በዓርብ መካከል ተአምር አልተፈጠረም። የመጣችው ሌላ ነርስ ናት። ገና እንደገባች «ሞርፊኑን በስንት ሰዓት ልዩነት ነው የምትሰጡት?» አለችን። «ሲያመው» አልናት። እውነቱን ለመናገር ሲያመውም አልነበረም፣ ጨርሶ መቋቋም ሲያቅተው ነበር። ወንድሜ ጠርሙሱን ቁምሳጥን አናት ላይ ነበር የሚያስቀምጠው፣ እንደ መርዝ። «ሱስ ይሆንበታል» ይል ነበር። ሳምንታት የቀሩት ሰው ሱስ ይዞት የት ሊሄድ ነው! አሁን ሳስበው ያናድደኛል። ያኔ ግን እኔም እንደሱ ነበር የማስበው። መድኃኒቱን ያዘዙልን ሐኪምም «ይቺን ጠንቀቅ በሉ» ብለው ብቻ ነው የሸኙን። ከምኑ እንደምንጠነቀቅ አልነገሩንም።

ነርሷ ሐኪሙ ጋ ደወለች። መጠኑ ተስተካከለ። ከዚያ በኋላ በየአራት ሰዓቱ፣ አመመውም አላመመው፣ እንቅልፍ ላይም ቢሆን ቀስቅሰን እንድንሰጠው ነገረችን። በመሃል ሕመሙ ድንገት ከተነሳ የሚጨመር አለ። ለሆድ ድርቀቱ ሌላ መድኃኒት አለ። በቃ ይኸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ሕመምን ስለማስታገስ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው መመሪያ ላይ ይህ «በሰዓቱ ስጥ፣ ሕመሙ እስኪመጣ አትጠብቅ» የሚለው ነገር አለ። ሲስሊ ሳንደርስ የምትባለው እንግሊዛዊት ሐኪም ደግሞ ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ለሟቾች እንክብካቤ የሚሰጥ ቤት ከፍታ በዚሁ መንገድ ትሠራ ነበር። አዲስ ነገር አይደለም ማለቴ ነው። ግን የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ እንደሚለው ዛሬም የማስታገሻ ሕክምና ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች ውስጥ የሚያገኙት ከመቶ 14 ያህሉ ብቻ ናቸው። እንግዲህ የቀሩት 86 ሌሊት ላይ ምን እንደሚሉ አስቡት።

መጀመሪያ ልናገር የፈለግኩት ይህንን ነው። የማክሰኞ ሌሊቱ «በቃኝ» ሞት መጠየቅ አልነበረም። ሞርፊን መጠየቅ ነበር። ሌላ ቃል ስላልነበረው ነው። ያን ሌሊት ሕጉ የሚፈቅድ ቢሆን፣ ቅጽ የያዘ ሰው በሩ ላይ ቢኖር፣ አባቴ ይፈርም ነበር። በእኛ ፍርሃትና ባንድ ሐኪም ግማሽ ምክር ምክንያት ይሞት ነበር።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ላስገባ። እናንተ ጋዜጣ ላይ የወጡት ጽሑፎች፣ ሁለቱም ወገን፣ የተለያዩ ነገሮችን አንድ ጆንያ ውስጥ ከተዋል። ይሄ የቃላት ጨዋታ አይደለም፣ ሰው ያሠቃያል። አንድ ዘመዳችን የሞርፊኑ መጠን ሲጨመር አይታ «ይሄ እኮ ቀስ በቀስ መግደል ነው» አለችን። ወንድሜ እንደገና ደነገጠ፣ ሁለት መጠን ዘለለ፣ አባቴ ሲጮህ አደረ። ስለዚህ ለያይተን እናውራ። ሕመምተኛው «ይህን ሕክምና አልፈልግም» ካለ፣ መተንፈሻ ማሽኑ ይነቀልልኝ ካለ፣ የሚገድለው በሽታው ነው፤ እምቢ ማለት መብቱ ነው፣ በዚህ ላይ ብዙ ሐኪም አይከራከርም። ሕመም ለማስታገስ መድኃኒት መስጠትም ሌላ ነው፤ የሮማው ጳጳስ ፒየስ 12ኛ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1957 ለሐኪሞች ሲናገሩ፣ ዓላማው ሥቃይን መቀነስ እስከሆነ ድረስ ዕድሜ የማሳጠር ነገር ቢኖረውም ይፈቀዳል ብለዋል። ደግሞም በአግባቡ፣ ደረጃ በደረጃ የተሰጠ ሞርፊን ሰው ይገድላል የሚባለው ወሬ የሚፈራውን ያህል አይደለም። ክርክሩ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ሐኪሙ ገዳይ መድኃኒት አዝዞ ሕመምተኛው በገዛ እጁ ሲወስደው፣ ወይም ሐኪሙ ራሱ በመርፌ ሲሰጠው። የመጀመሪያው በእርዳታ ራስን ማጥፋት ነው፣ ሁለተኛው ዩታኔዥያ። ባለፈው እትማችሁ የአሜሪካዋን ኦሪገንና ኔዘርላንድስን «አንድ ዓይነት ሕግ አላቸው» ያሉት ጸሐፊ ተሳስተዋል። ኦሪገን የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚፈቅደው። ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ሁለቱንም ትፈቅዳለች፣ ሕመምተኛው ለሞት የቀረበ መሆኑም ግዴታ አይደለም፤ ሥቃዩ የማይቻልና መሻሻል የሌለው መሆኑ ነው የሚታየው።

እስካሁን ያልኩትን ያነበበ ሰው «እሺ፣ ሞርፊኑ በደንብ ከተሰጠ ጥያቄው ይጠፋል» ሊል ይችላል። የማስታገሻ ሕክምና ደጋፊዎች ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው የሚያቆሙት። እኔም እዚህ ላይ ማቆም ደስ ይለኝ ነበር። ችግሩ አባቴ ሁለተኛ ጊዜ «በቃኝ» ማለቱ ነው።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው። ሕመሙ ልክ ገብቷል። ይተኛል፣ ያነባል፣ ከወንድሜ ጋር ስለ ኳስ ይጨቃጨቃል። እግሮቹ ግን አይታዘዙም። ሽንት አይቆጣጠርም። አንድ ቀን ከሰዓት አጥቤው፣ አንሶላ ቀይሬ ስጨርስ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ «በቃኝ» አለኝ።

«ሕመሙ ጨመረ?»

«አይ።»

«ታዲያ?»

«ሥራ ከተውሽ ስንት ወር ሆነሽ?»

መልስ አልሰጠሁትም። እሱም አልጠበቀኝም። በማግስቱ ጋዜጦቹን ስሰበስብ ዳር ዳሩ ላይ በእርሳስ የተጻፉ ቁጥሮች አየሁ። የኔ ደመወዝ ሲባዛ በወራት። የመድኃኒቱ፣ የነርሷ፣ የዳይፐሩ። ወንድሜ የተበደረው። ከታች ድምሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ፈትሼዋለሁ፣ ሒሳቡ ልክ ነው።

አሁን ወደ «መብት ነው፣ አለቀ» ባዩ ጸሐፊ ልምጣ። አእምሮው የተስተካከለ አዋቂ ሰው በነፃ ፈቃዱ ከመረጠ ማን ነው የሚከለክለው ይላሉ። እንዳሉት ይሁን። አባቴን በኦሪገን ሕግ እንመዝነው። ዕድሜው ከ18 በላይ? አዎ። ሁለት ሐኪሞች ከስድስት ወር በላይ አይቆይም ይሉ ነበር? አዎ። ሁለት ጊዜ በቃል፣ አንድ ጊዜ ምስክር ባለበት በጽሑፍ መጠየቅ ይችል ነበር? በጥሩ የእጅ ጽሑፍ! አእምሮው ጤነኛ ነው? የአእምሮ ሐኪም ቢመጣ የድምሩን ወረቀት ያሳየው ነበር። ሁሉንም ያልፋል። የኦሪገን ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ሥራ ላይ ያለ፣ ከሁሉም ጠንቃቃ ነው የሚባል ሕግ ነው፤ እኔም አላጣጥለውም። እዚያ ሐኪሞቹ በየዓመቱ ሰዎቹ ለምን እንደጠየቁ ሪፖርት ያደርጋሉ። ሕመም ወይም የሕመም ፍርሃት ሢሶ ገደማ ነው። ራሴን መምራት አቃተኝ የሚለው ከአሥር ዘጠኝ ገደማ። ለቤተሰቤ ሸክም ሆንኩ የሚለው ደግሞ ወደ ግማሽ የሚጠጋ። ሕመምተኛው ከአንድ በላይ ምክንያት ሊኖረው ስለሚችል ነው ቁጥሮቹ የሚደራረቡት። ይህንን ሸክም የሚለውን ቁጥር ባየሁ ቁጥር አባቴ በእርሳስ ያሰመረው መስመር ነው የሚታየኝ።

ወንድሜ በዚህ ላይ አይስማማም። «ታዲያ ለልጆቹ ማሰብ ምኑ ነው ነፃ ምርጫ የማያደርገው?» ይለኛል። «ዕድሜውን ሙሉ ለኛ ብሎ ኖሯል፤ ለኛ ብሎ ማረፍ ለምን ይከለከላል?» ከባድ ጥያቄ ነው፣ አልክድም። ለአንድ ሰሞን መልስ አልነበረኝም። አሁን የምመልስለት እንዲህ ነው። በሩ ዝግ በነበረበት ጊዜ አባቴ መቆየቱን ለማንም ማስረዳት አልነበረበትም። አለ፣ ምክንያቱም አልሞተም። በቃ። በሩ ሲከፈት ግን እያንዳንዱ ጠዋት የሱ ውሳኔ ይሆናል። ዛሬም ያለው ስለመረጠ ነው ይባላል። ወንድሜ ብድር በከፈለ ቁጥር፣ እኔ በደከመኝ ቁጥር፣ እሱ አልጋው ላይ ሆኖ «ለምን ቆየሁ?» ለሚለው መልስ መፈለግ ይጀምራል። ማናችንም አፍ አውጥተን ሳንጠይቀው። ሒሳብ አስተማሪ ነዋ፣ ይደምራል። እንግዲህ መብት የሚባለው ለአንዳንዱ ሰው እንዲህ ሆኖ ነው የሚደርሰው። ጠንካራ፣ ገንዘብ ያለው፣ ማንንም የማያስቸግር ሰው ሲመርጥ እውነትም ምርጫ ሊሆን ይችላል። ሕጉ ግን ለሱ ብቻ አይጻፍም።

የሰዎች ግምትም አስተማማኝ አይደለም፣ ይህንን በአጭሩ ልለፈው። ስቲቨን ሆኪንግ እ.ኤ.አ. በ1963 በ21 ዓመቱ ሁለት ዓመት ቀርቶሃል ተባለ፣ የሞተው በ2018 ነው። እርግጥ ነው እሱ ለየት ያለ ነው፤ የአባቴን የመሰለ ካንሰር ሲሆን ሐኪሞቹ ብዙም አይሳሳቱም።

የበለጠ የሚያስፈራኝ የሕጉ ድንበር ነው። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2016 ስትጀምር ሞቱ የቀረበ ሰው ብቻ ነው ብላ ነበር። በ2021 ያንን ቅድመ ሁኔታ አነሳችው። የአእምሮ ሕመም ብቻ ላለበት ሰውም ለመፍቀድ ተወስኖ አሁን እስከ 2027 ተገፍቷል። በ2023 እዚያ ከሞቱት ሰዎች ውስጥ ከመቶ 4.7 ያህሉ በዚህ መንገድ ነው የሞቱት። ቤልጂየም በ2014 የዕድሜ ገደቡን አነሳች። ይህንን የምለው እነዚህ ሰዎች ክፉ ናቸው ለማለት አይደለም። አመክንዮው ራሱ ይጎትታል። ምክንያቱ ሥቃይ ነው ካልን፣ ስድስት ወር የቀረው ለምን ተፈቀደለት፣ አሥር ዓመት ሙሉ የሚሠቃየው ለምን ተከለከለ? ምክንያቱ ምርጫ ነው ካልንማ ጭራሽ መታመም ለምን ያስፈልጋል? ማቆሚያው የት እንደሆነ በመርሕ ያስረዳኝ ሰው የለም። ኦሪገን እንዳለች ቆማለች ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ ብዙም አልሰፋችም። እዚያ ደግሞ መድኃኒቱ ከታዘዘላቸው ውስጥ አንድ ሦስተኛ ገደማ የሚሆኑት ሳይወስዱት ነው የሚሞቱት። መሳቢያ ውስጥ መኖሩ ብቻ ያረጋጋቸዋል ይባላል። ይህ እኔን የሚቃወም ነጥብ ነው፤ ግን እውነት ስለሆነ ጻፍኩት።

አሁን ደግሞ ወደ «ግድያ ነው፣ አለቀ» ባዩ። ሕይወት የፈጣሪ ናት ብለው ቢያበቁ አከብራቸው ነበር። እሳቸው ግን «መከራ ሰውን ያነጻል» ብለው ጨመሩበት። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄን በራሳቸው አከርካሪ ይሞክሩትና ይንገሩን። መከራውን የሚሸከመው ሰው ራሱ ትርጉም ቢያገኝበት ጥሩ፣ ሌላ ሰው ቆሞ ሊሰጠው ግን አይችልም። አባቴ ሲጮህ ያደረባቸው ሌሊቶች ምንም አላነጹትም። አዋረዱት። እኛንም እርስ በርስ አባሉን። ደግሞ ሞርፊን የማይደርስላቸው ሰዎች አሉ፣ እሱን መካድም አያስፈልግም። በጣም ጥሩ የማስታገሻ ሕክምና ባለበት ቦታም ጥቂት ሰዎች እየታፈኑ፣ እየቃተቱ ይሞታሉ፤ ለነሱ የሚቀረው በመድኃኒት አስተኝቶ እስኪሞቱ መጠበቅ ነው። ዳያን ፕሪቲ የምትባል እንግሊዛዊት ነበረች። በሽታው እጅና እግሯን ወስዶ፣ ራሷን ማጥፋት እንኳ አትችልም ነበር። ባሌ ቢረዳኝ አትክሰሱት ብላ እስከ አውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ሄደች። እ.ኤ.አ. በ2002 ተረታች። ሁለት ሳምንት ሳይሞላት ሞተች። ለሷ ምን እላታለሁ? «ሕጉን የምቃወመው ለአባቴ ስል ነው» ብላት በየትኛው ዓይኗ ታየኛለች?

ስለዚህ አቋሜ ምንድን ነው? ሕጉ እንዲከለክል እፈልጋለሁ። ቢያንስ የማስታገሻ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው ሁሉ እስኪያገኝ ድረስ፤ ሞርፊን ሳይደርሰው ሞት የሚደርሰው ሰው መኖር የለበትም። ግን በርኅራኄ የረዳን ሰው እንደ ነፍሰ ገዳይ ማሳደዱን አልደግፍም። እንግሊዝ ውስጥ ራስን ለማጥፋት መርዳት እስከ 14 ዓመት ያሳስራል። ሆኖም ዋናው ዐቃቤ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው መመሪያ፣ ረጂው የተነሳው በርኅራኄ ብቻ ከሆነና ሟቹ በራሱ አስቦበት ከወሰነ ክስ ላይመሠረት ይችላል። ሕጉ አይሆንም ይላል፣ ሰው ግን ሰውን ያያል። ለኔ ይህ ልክ ነው። ግብዝነት አለበት? አለበት። ገንዘብ ያለው ይህ ወደሚፈቀድባት ስዊዘርላንድ ሄዶ ይሞታል፣ የሌለው እዚያው አልጋው ላይ ይቀራል። የእንግሊዝ የሕዝብ ተወካዮችም ይህንን አንስተው ነው ሕጉን ለመቀየር የተነሱት። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 በ330 ለ275 ደገፉት፤ በሰኔ 2025 እንደገና ሲመርጡ 314 ለ291 ሆነ። ልዩነቱ ከ55 ወደ 23 ወረደ። እንደኔ ግምት፣ ቀረብ ብለው ባዩት ቁጥር አንዳንዶቹ የእርሳሱ መስመር ታይቷቸዋል።

ሐኪሞችንም እናስብ እስቲ። የጥንቱ የሂፖክራተስ መሐላ ለጠየቀኝም ቢሆን ገዳይ መድኃኒት አልሰጥም ይላል። መሐላው አርጅቷል፣ ዛሬ በዚያው ቃል የሚምል ሐኪም ብዙ አይመስለኝም። ይሁንና እዚያ አልጋ አጠገብ ሆኜ፣ ነርሷ መርፌ ይዛ ስትገባ አባቴ አንድም ቀን ሲጠራጠራት አላየሁም። ይሄን ማጣት አልፈልግም ነበር።

አባቴ ከሁለተኛው «በቃኝ» በኋላ 19 ቀን ቆየ። የጋዜጣውን ዳር ካየሁ በኋላ ወንድሜን ጠርቼ ሦስታችንም አብረን ቁጭ አልን። ቁጥሩን አንስተን አወራንበት። በግልጽ። ወንድሜ «የኔን የትምህርት ክፍያ፣ የሷን የዩኒቨርሲቲ ዓመታት አልደመርክም፤ ሒሳብህ ግማሽ ነው» አለው። አባቴ ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «ወለድ ጨምራችሁ ነው እንዴ?» አለ። ሳቅን። ከዚያ በኋላ ጥያቄውን አላነሳም። ስለረካ ነው ወይስ እኛን ላለማስቸገር፣ ይሄን እስከ ዛሬ እርግጠኛ መሆን አልቻልኩም፤ ሌሊት ሌሊት የሚያባንነኝም እሱ ነው።

ወንድሜ ይህንን ደብዳቤ ሳልልከው በፊት አነበበው። ሕጉ መፈቀድ አለበት ከሚለው አቋሙ ንቅንቅ አላለም። «ያን ማክሰኞ ሌሊት ክፍሉን ጥዬ የወጣሁት ላለቅስ መሰለሽ?» አለኝ። ከዚህ በላይ አልነገረኝም። የራሱን ደብዳቤ እየጻፈላችሁ ነው፣ ሲደርሳችሁ እባካችሁ አትሙለት።

አንዲት አንባቢያችሁ